የአራሹ ድርሻ

ከመካነ ኢየሱስ ገበያ ስመለስ ገና ከግቢው በር ሳልደርስ ሸተተኝ። ጓያ ሲቀቀል ሽታው የባቄላም አይደለም፣ የአተርም አይደለም፤ እርጥብ አፈር ፀሐይ ሲወጣበት የሚሸተውን ይመስልና ኋላ ላይ ጣፈጥ የሚል ነገር አለው። ለማያውቀው ሰው ምራቅ ያመጣል። እኔ ግን ያዘልኩትን ጨው ከነከረጢቱ አጥሩ ሥር አስቀምጬ ቆምኩ። ከውስጥ ወንድሜ እንዳለው ሲስቅ ይሰማኛል፤ ልጄ ጌታነህም አብሮት ይስቃል።

«ማነው የጣደው?» አልኩ ገብቼ።

«እኔ ነኝ» አለ እንዳለው። ሁለቱን ዱላዎቹን ደረቱ ላይ አስደግፎ እንደ ልማዱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። «ልጁ ከእርሻ መጣ፣ የሚቀምሰው የለም። አንቺ ገበያ ወርደሽ ቀረሽ። ምን ላብላው፣ ዱላዬን?»

«ሌላ እህል ጠፋ እንዴ በዚህ ቤት?»

«አለ ካልሽ አንቺ አውጪው።»

ምን አወጣለሁ? ዘንድሮ ዝናቡ ገና ሰብሉ ሳይጎመራ ጥሎን ሄደ። ገብሱ ጭብጥ ሳይሞላ ቀረ፣ ስንዴው ገለባ ሆነ። የዳነው ዋልካው መሬት ላይ በመጨረሻ የዘራነው ጓያ ብቻ ነው። ጓያ እንዲህ ያለ እህል ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲሞት በአፈሩ ውስጥ በቀረችው እርጥበት ይበቅላል፣ ያፈራል፣ ደጅህን ይሞላል። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው አልፎ አልፎ ቢበሉት ምንም አይል። ብቻውን ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ሲበሉት ግን እግር ይሰብራል። ይሰብራል ስል አጥንት አይደለም፤ ጅማት ይይዛል፣ ከወገብ በታች ያለውን ያደርቃል። የያዘውንም አይለቅም። የሚወደው ደግሞ ወጣቱን ነው፣ ጉልበተኛውን። ጌታነህ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ካረፈ ጀምሮ የሚያርሰው እሱ ነው። እኔ በዚህ ዓለም ላይ አሁን የምፈራው አንድ ነገር ነው፣ የልጄን እግር። መንገዱ ተዘጋ ሲሉ፣ ማዳበሪያ ጠፋ ሲሉ፣ እገሌ ተያዘ ሲሉ ሰው ሁሉ የሚፈራውን እሰማለሁ። እኔ ልጄ ተኝቶ ሲነሣ እግሩን ነው የማየው።

እንዳለው ዱላ ሳይዝ በፊት የታች ጋይንት ሰዎች ነበርን፤ ወደ እስቴ የመጣሁት ባል አግብቼ ነው፣ እንዳለውም ኋላ እኔ ዘንድ መጣ። የአገራችንን አርብ ገበያ ዛሬ ያየ ሰው ያኔ የነበረውን አያውቀውም። ቆርቆሮ ቤት ብርቅ ነበር። ከዋርካው ሥር ልብስ ሰፊው መኪናውን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ከእሱ ቀጥሎ ጨው ሻጮቹ፣ ከእነሱ በታች የሻሽና የመስታወት ነጋዴ። የሻሹ ነጋዴ ሬዲዮ ነበረው፤ የባትሪው ድንጋይ ሲደክምበት አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣውና ዘፈኑ መሐል ላይ ይቋረጣል። የቀረውን እኛ ልጃገረዶቹ እያንጎራጎርን እንጨርሰዋለን። በሁለት ብር ጥለት ያለው ሻሽ ይገዛ ነበር። አሁን በሁለት ብር ክብሪት የለም። ያኔም ቢሆን ሁለቱ ብር አልነበረንም፤ ግን ሻሹን ነክቶ መመለስ በነፃ ነበር።

እንዳለው የዚያ ገበያ ጌጥ ነበር ብል ወንድሜ ስለሆነ አይደለም። ጎፈሬውን አበጥሮ የእንጨት ሚዶ ይሰካበታል። ከዋርካው ሥር ያሰፋው የካኪ ኮት ነበረው፤ ከፊት አራት ኪስ ነበረበት፣ ጨርቅ ስላጠረ ግን ዕቃ የሚገባበት አንዱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ለዓይን ያህል የተሰፉ ናቸው። እሱ ግን አራቱንም እየዳበሰ ይሄዳል። ጥቁር የላስቲክ ኮንጎ ጫማውን ከወንዙ እስኪሻገር በእጁ ይዞት፣ ገበያው ሲቃረብ እግሩን ታጥቦ ይጫማዋል። የታጨችለት ልጅ የዝና ጨው ሻጮቹ ዘንድ ትቆማለች። ጨው የምትገዛ አስመስላ ነው እንጂ ጨው ሁልጊዜ አይገዛም። እሱ ቀና ብሎ ያልፋል፣ እሷ ጎንበስ ትላለች፤ የዚያ ዘመን መተያየት ይኸው ነበር። ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። አውድማ ላይ በሬዎቹን እየነዳ ሲያዜም ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበርና ሰዎች እጃቸውን ከሥራ አንሥተው ያዳምጡት ነበር።

ያ ዓመት መጣ። የትኛው ዓመት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ የመንግሥቱ መለዋወጥ እንኳ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ዝናቡ እንደ ዘንድሮው ቆመ። ሠርጉ ወደ ሌላው ጥር ተላለፈ። የእኛ እህል ሲያልቅ አባቴና እንዳለው ለአያ ካሴ ጉልበታቸውን ሸጡ። አያ ካሴ በአካባቢው ብዙ በሬ ያለው፣ ሦስት ጎታ ስንዴ ከአምና የተረፈው ሰው ነው። ያን ዓመት ከዳገቱ በታች ካብ ያስክብ ነበር። ለሠራተኛው የሚከፍለው ታዲያ ስንዴ አይደለም፤ ጓያ ነው፣ በቁና እየሰፈረ።

አባቴ አንድ ቀን አንገቱን ሰብሮ ጠየቀው፤ እኔ ውኃ ይዤ ቆሜ እሰማለሁ። «አያ ካሴ፣ ቢሆንልዎ ግማሹን እንኳ ገብስ ቢያደርጉልን።»

«ገብሱ የዘር ነው» አለ አያ ካሴ። «ደግሞስ ጓያ ምን አደረገህ? በሬዎቼ ገለባውን በልተው ያርሱ የለም ወይ?»

«በሬማ አራት እግር አለው» አለ አባቴ።

ካብ የሚክበው ሁሉ ሳቀ። አያ ካሴም ሳቀ። በማግስቱ የሁሉ ሰው ቁና ተቆልሎ ሲሰፈር የአባቴ ክምሩ በእጅ ተጠርጎ ተሰፈረ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልቀለደም።

እንግዲህ ያን ዓመት ጧትም ጓያ፣ ማታም ጓያ ነው። ቂጣው ጓያ፣ ሽሮው ጓያ፣ ንፍሮው ጓያ። በእኛ አገር የሚያርስ ወንድ ድርሻው ይበዛል፤ ይህ ዛሬም አለ። ቂጣው ሲቆረስ እናቴ መጀመሪያ መሐሉን፣ ወፍራሙን፣ ለእንዳለው ትሰጠዋለች። ከዚያ ለአባቴ። ጠርዙን ለእኔና ለታናሽ እህቴ። እሷ ደግሞ ሰሃኑን ጠርጋ ትጠግባለች፣ ጠገብኩ ትላለች ማለቴ ነው። እህቴ አንዳንዴ ታለቅሳለች።

«ምን ያስለቅስሻል?» ትላታለች እናቴ። «እርፍ የጨበጥሽው አንቺ ነሽ? እሱ ከወደቀ ሁላችን ወደቅን።»

ጓያ ሰው እንደሚሰብር እናቴ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ታውቃለች፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ግን የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ይባል ነበር። ጤዛው ነው፣ ገለባው ላይ መተኛት ነው ይባል ነበር። ስለዚህ እናቴ እንዳለውን ጠበቀችው፤ እናት ልጅዋን እንዲህ ስትጠብቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ጤዛ ሳይረግፍ ትንሿ የጓያ ማሳችን ውስጥ እንዳይገባ ብላ አጨዳውን ከእኔና ከእህቴ ጋር ራሷ ጨረሰችው፤ ቀሚሳችን እስከ ጉልበት ይርሳል። የሚተኛበትን መደብ ከጓያ ገለባ አጽድታ የስንዴ ገለባ ለምና አመጣችለት። ድስቱ ሊከፈት ሲል፣ «እንዳልዬ፣ ውጣ፣ ውጣልኝ» ብላ ከቤት ታስወጣዋለች። እሱ ደጅ ቆሞ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ይጠብቃል። እኛ ሴቶቹ በእንፋሎቱ ውስጥ ፊታችን እስኪያልበን እናማስላለን። እንፋሎቱ ሲያልቅ ትጠራውና ሰሃኑን እስከ አፉ ትሞላለታለች። «ብላ» ትለዋለች፣ «አሁን ምንም አያደርግህ።» እሱም ይበላል፤ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የዋለ ሰው ነው።

አንድ ጧት እንጨት ተሸክሞ ሲመጣ እኔና እህቴ ደጅ ነበርን። በእግር ጣቱ ይራመዳል። ተረከዙ መሬት አይነካም፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይጋጫል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትሰርቅ ነው እንዲህ የምታደባው?» አለችው እህቴ።

ሳቅን። እሱም ሳቀ። «ባቴን ያዘኝ» አለ፣ «ሌሊት በርዶኝ ይሆናል።» እንጨቱን አወረደና ተረከዙን መሬት ላይ ሊያሳርፍ ሞከረ። ወገቡን ይዞ ሞከረ። እናቴ ከውስጥ ወጥታ አየችው፤ እጇ ላይ ሊጥ ነበር። እሷን ሳይ ነው ሳቄ የቆመው።

ቅቤ አሸነው፣ ጠበል ወሰድነው፣ በጋለ ድንጋይ ተኮስነው። መጀመሪያ አንድ ዱላ ያዘ። ካቡ ገና አላለቀም ነበርና በአንድ ዱላ ሆኖም ሠራ፤ ቁናውም ይመጣል፣ እናቴም መሐሉን ትሰጠዋለች፤ አሁንማ ታሟልና የበለጠ ትሰጠዋለች። የሰፈሩ ልጆች ግጥም አወጡለት፤

ባለ አንዱ ዱላ ለሠርግ ይጠራል፣
ባለ ሁለቱ ግን ደጅ ላይ ይቀራል።

ይህን ሲሉት እንዳለው ራሱ ያጨበጭብላቸው ነበር፤ ሁለተኛውን ዱላ እስኪይዝ ድረስ።

የየዝና አባት ወሬው ደርሶት ከሁለት ሽማግሌ ጋር መጣ። ጓሮ ባለችው ግራር ሥር አጎዛ ተነጠፈላቸው። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ከብቱ አወሩ። ከዚያ ሰውዬው ወደ እንዳለው ዞሮ፣ ሲቆጣ አይደለም፣ በጨዋ አንደበት፣ «ልጄ፣ ጥሩ ውኃ አላችሁ ይባላል፤ እስኪ አንተ በእጅህ አምጣልን» አለው። ሁላችንም ለምን እንዳለ ገባን። እኔ ቅሉን ላነሣ ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። እንዳለው ዱላዎቹን ግራሩ ላይ አስደገፋቸው። ኮቱን ለብሶ ነበር፣ ባለ አራት ኪሱን። በእግር ጣቱ እስከ ቤት ሄደ፣ ቅሉን ሞልቶ ወጣ። መሐል ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ተቆላለፈና በግንባሩ ተደፋ። ውኃው ሽማግሌዎቹ እግር ድረስ ፈሰሰ። ማንም አላነሣውም፤ ማየት የፈለጉትን እያዩ ነበር።

«እግዚአብሔር ይማረው» አለ ሰውዬው እየተነሣ። «አንቱ አባወራ ነዎት፤ ሴት ልጅ አለዎት። በእኔ አይፍረዱብኝ።»

«አልፈርድም» አለ አባቴ።

ምሳ ሳይቀምሱ ሄዱ። የዝና በዚያው ዓመት ለአያ ካሴ የወንድም ልጅ ተዳረች። እንዳለው የሠርጉን ከበሮ ከቤቱ ሆኖ ሰማው።

ከዚያ በኋላ ነው ከጤና ጣቢያ የመጣ ሰው ቤት ለቤት የዞረው። እንዳለውን አስተኝቶ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ፤ እግሩ ዘለለ። «እንፋሎቱ አይደለም እናቴ» አላት። «ጤዛውም አይደለም። መብላቱ ነው። ብዙ የበላና ብዙ የለፋ ነው የሚያዘው። ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፣ ከስንዴ ከገብስ ጋር ቀላቅሉት።» ይህን ሁሉ በደንብ ተናገረ፤ ሰውዬው ክፉ አልነበረም። እናቴ፣ «ስንዴውን ከየት?» አለችው። ጫማውን አየ። «እሱን እንግዲህ...» አለ፤ ሌላ ቤትም ነበረበትና ሄደ።

እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክትሞት ለማንም በእጇ ቆርሳ አልሰጠችም። ማዕድ ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች፤ «ለራሳችሁ አንሡ» ትላለች። እንዳለው ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ብቻ ነው የተናገረው። የክርስትና ጠላ ጠጥቶ ነበር። እየሳቀ፣ «እናቴ» አላት፣ «ከእህቶቼ ሁሉ እኔን ወደድሽኝ።» እሷ ተነሥታ ወጣች። እኔና እህቴ እግራችንን አየን። ሙሉ እግር ነበር። እንፋሎቱን የታጠንነው፣ ጤዛውን የረገጥነው፣ ጠርዙን የበላነው እኛ ነን፤ የተረፍነው ስለተነፈግን ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው እንግዲህ ጨዉን አጥር ሥር ጥዬ የገባሁት። ድስቱን አውርጄ ልደፋው ስል ጌታነህ እጄን ያዘኝ።

«እማ፣ ርቦኛል። ሞባይል ላይ አይቻለሁ፣ ዘፍዝፈሽ ውኃውን ደጋግመሽ ስትደፊው መርዙ ይወጣል።»

«ውኃውንስ ከየት እንደምቀዳው ነገረህ ሞባይሉ?» ቦኖው ከተበላሸ ቆይቷል። ምንጩ ቁልቁል ነው፤ አንዲት ጄሪካን ለመጠጥ ሳትበቃ ምን ደጋግሜ እደፋለሁ?

«እናትህን ተዋት» አለ እንዳለው ለጌታነህ። «ና ብላ። ቢይዝህም ዱላ አትገዛም፤ አንዱን አወርስሃለሁ።» እሱ ራሱ ንፍሮውን ያለ ፍርሃት ይዝቃል። ምነው ስለው፣ «ሁለተኛ አይሰብረኝ፣ የሚሰበረውን ጨርሷል» ይለኛል።

ያን ሰሞን የቻልኩት የልጄን ድርሻ ማሳነስ ነበር። ትንሽ ቆርሼ እሰጠዋለሁ። አርሶ ይመጣል፣ ትንሽ እሰጠዋለሁ። የጎረቤት ሴቶች፣ «ልጅሽ ከሳ፣ ለማን ነው የምትሰስቺው?» አሉኝ። እሱም፣ «ያገሬው እናት ለሚያርስ ልጇ ታበዛለች። አንቺ ጋ ስደርስ እጅሽ ያጥራል» አለኝ። ፊት ለፊቱ እንዳለው ተቀምጧል፤ ልጄ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ግን ርቦታል። የተራበ ሰው ፊቱ ያለውን አያይም። ከበላ ይሰበራል፤ ካልበላ ማረሻው ላይ ይወድቃል። በዚህ መሐል ነበርኩ።

አንድ ጧት፣ «ባቴን ያዘኝ» አለ።

እንደ ዋዛ ነው ያለው፤ ቀበቶውን እያሰረ። እንዳለው ዱላው ከእጁ ወደቀ። ከዚያ ያላሰብኩትን ተናገረ፤ ሳይቀልድ። «በሬውን ሽጪው» አለኝ።

በሬያችን አንድ ነው፣ ቦራ የምንለው። ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀን ነው የምናርሰው። ቦራ ከሄደ እርሻው ሄደ። በማግስቱ ራሴ ነዳሁት። ገበያው ሁሉ በሬ የሚሸጥ ሆኖ ነበርና በርካሽ ሄደ፤ ያም ሆኖ በዋጋው ስንዴ ሸመትኩ፣ በአህያ ጫንኩ። ለልጄ ስንዴ ጋገርኩለት፣ የስንዴ ቂጣ መሐሉን ሰጠሁት። ባቱን በየጧቱ አሸዋለሁ። በሳምንቱ ለቀቀው። ከጓያው ይሁን ከድካም ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ብቻ ዳነ። አንድ ጧት ከምንጩ ጄሪካን በትከሻው ይዞ ዳገቱን ሲወጣ አየሁት፤ ሲሮጥ ነበር ማለት ይቻላል። መሬት ስሜ ተነሣሁ።

መሬቱን ለእኩል አራሽ፣ ምርቱን ለሚያካፍለን ሰው፣ ሰጠነው። ሌላ ሰው በሌላ ሰው በሬ የአባቱን መሬት ሲያርስ ጌታነህ ድንበሩ ላይ ተቀምጦ ያያል። ስንዴ በልቶ ጠግቧል፣ ሥራ የለውም። መካነ ኢየሱስ ወርዶ መናኸሪያው ላይ ይውላል፤ እዚያ ቆላ የሚወርዱ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ለሰሊጥ አጨዳ። ቆላ የወረደው ሁሉ አይመለስም። ወባው አለ፣ መንገድ ላይ የሚጠብቀው ሰው አለ፤ ማንነቱን እኔ ምን አውቃለሁ።

አንድ ማለዳ ጋቢውን አጣጥፎ በፌስታል ይዞ አገኘሁት።

«የት?»

«ቆላ። ልጆቹ ጋ።»

በሩን ይዤ ቆምኩ። «ያንተን እግር ለማዳን በሬ ሸጥኩኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ እማ። እግሬን አትርፈሽልኛል» አለ፤ ሲያስቀይመኝ አልነበረም፣ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «እዚህ ግን ለእግሬ ሥራ አላገኘሽለትም።»

ጉልበቴን ስሞ ወጣ። እንዳለው ከመደቡ፣ «በደህና ግባ» ብቻ አለው። ልጄ ረጅም ነው፤ ቁልቁለቱን ዘሎ ዘሎ ሲወርድ፣ ከታች ሌሎቹ ሲያፏጩለት፣ ሲሮጥላቸው አየሁት። እንደዚያ የሚሮጥ ልጅ በሰፈሩ የለም።

ስልኩ አይሠራም። ከቆላ የመጣ ሰው ሳገኝ እጠይቃለሁ፤ አንዱ አይቸዋለሁ ይለኛል፣ ሌላው ዝም ይላል፤ ዝም ካለኝ ሰው ዘንድ ነው ደግሜ የምሄደው። ስንዴው ከጎታው ውስጥ ገና ከግማሽ በላይ አለ። እኔና እንዳለው የምንበላው ጓያውን ነው። ስንዴውን ለማን ብዬ እንደማስቀምጠው፣ በሁሉ ነገር የሚቀልደው ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም።